20 ባይት ሆኖ የተገኘው የ19 ባይት ስም

የተማሪዎች ውጤት ማሳያ ገጽ ላይ የተሠራ የዲባግ (የኮድ ስሕተት ፍለጋ) ሥራ፤ የጉዳይ ጥናት

ዳራ

ጉዳዩ ያጋጠመን በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቢሯችን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሦስት ነን፦ እኔ፣ አንድ ባልደረባዬና ለልምምድ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ደንበኛችን እዚያው አካባቢ ያለ የግል ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የማንንም ሰው ስም አልጠቅስም። በምሳሌ የምጠቀምባቸው ስሞችም የተማሪዎቹ አይደሉም።

ሥራው ቀላል ነበር። ተማሪው ስልኩ ላይ ገጹን ይከፍታል፣ የመለያ ቁጥሩንና ሙሉ ስሙን በአማርኛ ያስገባል፣ ውጤቱን ያያል። ከጀርባ ያለው ፒኤችፒ 7.4 የሚባል የፕሮግራም ቋንቋና ማይኤስኪውኤል የሚባል ዳታቤዝ ነው፤ ሆስቲንጉ (ገጹ የሚቀመጥበት አገልግሎት) በወር የሚከፈልበት የጋራ ሰርቨር ነው። ስክሪፕቱ በመለያ ቁጥሩ ረድፉን ከዳታቤዝ ያመጣል፤ ከዚያ ተማሪው የጻፈውን ስም ከተመዘገበው ስም ጋር በሦስት የእኩል ምልክት (===) ያነጻጽራል። ካልገጠመ «ውጤትዎ አልተገኘም» ይላል። የተማሪዎቹን ዝርዝር የምታዘጋጀው የተቋሙ ሬጅስትራር ናት፤ በኤክሴል ሠርታ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋ ትጭነዋለች።

ችግሩ

ውጤቱ በተለቀቀ ማግስት ጠዋት ሬጅስትራሯ ደወለች። ወደ 400 ከሚሆኑት ተማሪዎች 60 ገደማ የሚሆኑት ውጤታቸውን ማየት አልቻሉም። በሩ ላይ ተሰልፈዋል። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ስማቸውን እያየሁት ነው፤ እዚሁ አለ!» አለችን። እውነቷን ነበር። ዳታቤዙን ከፍተን ስንፈልግ ስሙ አለ፤ ተማሪዋ የጻፈችውም ስም ያው ነው፤ ፊደል በፊደል አንድ ነው። ኮዱ ግን አንድ አይደሉም ይላል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ሞክሼ ፊደላትን ነው። እኛም እንደዚያው አደረግን። ሰላም በንጉሡ «ሠ» ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ ፀሐይ በ«ጸ» እና በ«ሀ» ሊሆን ይችላል፣ ዓለም በ«አ» ሊሆን ይችላል። ባልደረባዬ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ወጥ ፊደል የሚመልስ ፈንክሽን ግማሽ ቀን ፈጅቶ ጻፈ። ጥቂት ተማሪዎች ውጤታቸውን አዩ። ብዙዎቹ ግን ያው ናቸው።

ይህ ከፊል ስኬት ከሙሉ ውድቀት የባሰ ጎዳን። ጥቂቶቹ ስለተፈቱ መንገዱ ትክክል መሰለን፤ «የቀረን ሞክሼ አለ» እያልን የፊደል ገበታውን ዳግም ወደ መቁጠር ገባን። የቫሪያብሎቹን (ኮዱ ዋጋ የሚይዝባቸውን ስሞች) ይዘት አውጥተን ማየት የጀመርነው ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት እሱ ነበር።

ይዘቱን ለማየት የሞከርንባቸው መንገዶች

ልምምድ ላይ ያለችው ልጅ በኤኮ (echo፣ ጽሑፍ ወደ ገጹ የሚያወጣ ትእዛዝ) ጀመረች። ረድፉን በኤኮ ስታሳየው ብሮውዘሩ ላይ የወጣው «አሬይ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ኤኮ የአሬይን (ብዙ ዋጋዎችን በየቁልፋቸው የሚይዝ ዝርዝር) ውስጥ አያሳይም። የንጽጽሩን ውጤት በኤኮ ስታሳየው ደግሞ ምንም አልወጣም። «ጋሼ፣ ኮዱ እዚህ መስመር ላይ አይደርስም መሰለኝ» አለችኝ። ይደርስ ነበር። ፒኤችፒ ፎልስን (ሐሰትን) ወደ ጽሑፍ ሲለውጠው ባዶ ያደርገዋል፤ ትሩን (እውነትን) ግን 1 ያደርገዋል። ባዶ ሆኖ የታየው ቦታ ራሱ መልሱ ነበር፤ «አይገጥሙም» የሚል መልስ።

ቀጥሎ ፕሪንት አር (print_r፣ የአሬይን ይዘት የሚጽፍ ፈንክሽን) መጣ። የአሬዩ ይዘት ወጣ፤ ግን ሁሉም በአንድ መስመር ተጨፍልቆ። ፕሪንት አር በየመስመሩ ከፋፍሎና ገባ ገባ አድርጎ ነው የሚጽፈው፤ ብሮውዘሩ ግን በኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ሕግ መሠረት ተከታታይ ክፍተቶችንና የመስመር መስበሪያዎችን ወደ አንድ ክፍተት ያጠባቸዋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ውጤቱን በፕሪ ታግ (<pre>) መሐል ማስገባት፣ ወይም ኮንትሮልና ዩ ተጭኖ የገጹን ምንጭ ማየት። ፕሪ ታግ ክፍተቱን ይጠብቃል እንጂ በይዘቱ ውስጥ ያለን ታግ እንደ ታግ ከመተርጎም አያግድም፤ ለዚያ በኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ (htmlspecialchars) ማሳለፍ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ ረድፉ እንደ ደረሰኝ ቁልጭ ብሎ ተነበበ።

ሁለቱ ስሞችም ጎን ለጎን ቁልጭ ብለው ተነበቡ። አንድ ዓይነት ናቸው። ሬጅስትራሯ በስልክ ከነገረችን አንዲት ነገር አልጨመረልንም።

በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ የሠራነው ጥፋት

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያየነው መልሱን ስላልሰጠን የፕሪንት አሩን መስመር ሥራ ላይ ባለው ሰርቨር ላይ ጫንኩት። «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብዬ።

ወዲያው ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ሄደር (ከገጹ አካል በፊት የሚላክ መረጃ) አስቀድሞ ተልኳል የሚለው ማስጠንቀቂያ መጣና ሴሽኑ (ሰርቨሩ ተጠቃሚውን የሚያስታውስበት መንገድ) መሥራት አቆመ። ሴሽንና ኩኪ በሄደር ነው የሚሄዱት፤ ከገጹ አካል አንድ ፊደል ከወጣ በኋላ ሄደር መላክ አይቻልም። ቢሮ ውስጥ ይህ ያልታየው እኛ ኮምፒውተር ላይ የውጤት ማቆያው (አውትፑት በፈሪንግ) 4096 ባይት (ባይት የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ ነው) ሆኖ ስለተቀመጠ ነው፤ ትንሽ ጽሑፍ ቢወጣም ማቆያው ይይዘዋል። በሆስቲንጉ ላይ ማቆያው ዝግ ነበር።

ሁለተኛው ይብሳል። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ገጹን የከፈተ አንድ ተማሪ ሙሉ ረድፉን አየ፤ የስልክ ቁጥርና የክፍያ ሁኔታ ጭምር። የራሱ ረድፍ ስለነበረ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ግን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለጓደኞቹ ላከው፤ ፎቶውም ዞሮ ዞሮ ሬጅስትራሯ ጋ ደረሰ። ይቅርታ ለመጠየቅ በእግሬ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ወደ ሎግ ፋይል (ሰርቨሩ ላይ ወዳለ የክንውን መዝገብ) አዞርነው። ፕሪንት አር ሁለተኛ መለኪያው (ፓራሜትሩ) ትሩ ሲሆን ይዘቱን ከማተም ይልቅ ጽሑፍ አድርጎ ይመልሳል፤ እሱን ወደ ሎግ ለሚጽፈው ፈንክሽን ለኤረር ሎግ (error_log) መስጠት ነው። የቫሪያብልን ዓይነትና ይዘት የሚጽፈው ቫር ደምፕ (var_dump) ይህ አማራጭ የለውም፤ በኦቢ ስታርት (ob_start) ማቆያ ከፍቶ፣ ደምፑን አውጥቶ፣ በኦቢ ጌት ክሊን (ob_get_clean) መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ሎጉን ስናነብ ለአፍታ ሰዓት አደናገረን። ሬጅስትራሯ «ከጠዋቱ 3፡12 ላይ ሞክራ እምቢ አላት» ትላለች፤ ሎጉ 06:12 ይላል፤ የባልደረባዬ ኮምፒውተር 9:12 ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ አዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ትቀድመዋለች፣ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን። አሁን ሎግ የምንጽፍበት ፈንክሽን የአገራችንን ሰዓት አብሮ ይጽፋል።

አስቀያሚው ውጤትና ያሳመርነው

ከዚህ ጉዳይ ሁሉ እኔን ያስተማረኝ ይህ ክፍል ነው።

ወደ ሎጉ ስንዞር መጀመሪያ የተጠቀምነው ጄሰን ኢንኮድን (json_encode፣ መረጃን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፈንክሽን) ነበር። ጄሰን ኢንኮድ በልማዱ ከአስኪ (መሠረታዊው የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ስብስብ) ውጭ ያለን ፊደል ሁሉ በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ቁጥሩ ነው የሚጽፈው። «ሰ» የኋላ ሰረዝ፣ ዩ እና 1230 ሆኖ ይወጣል። ሙሉው ስም የቁጥር ሰልፍ ነበር። የሚነበብ አይደለም። ባልደረባዬ ሳቀና «ይሄ የባቡር ታርጋ ነው» አለ። ወዲያው ዩኒኮዱን እንዳለ ተው የሚለውን አማራጭና በየመስመሩ አሳምረህ ጻፍ የሚለውን ጨመርንበት፤ ሁለቱም ከፒኤችፒ 5.4 ጀምሮ አሉ። ሎጉ በሚያምር አማርኛ ተጻፈልን።

መልሱን ያጠፋነው ያን ጊዜ ነው። የድሮውን የሎግ መስመር በኋላ ተመልሰን ስናየው፣ ተማሪዋ በጻፈችው ስም ውስጥ በራስ ስምና በአባት ስም ቁጥሮች መሐል ባዶ ቦታ አለ። ከዳታቤዝ በመጣው ውስጥ ግን ባዶ ቦታ የለም፤ ሰልፉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ መሐሉ ላይ 00ኤ0 የሚል ቁጥር ገብቷል። ዩኒኮድ ላይ ይህ የማይሰበር ክፍተት ነው፤ ለዓይን ተራ ክፍተት የሚመስል፣ ግን መስመር እዚያ ላይ እንዳይቆረጥ የሚያደርግ ሌላ ቁምፊ። እንዲነበብልን ብለን ስናሳምረው ሁለቱ ክፍተቶች አንድ መሰሉ።

ቫር ደምፕ ያሳየው

በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ሁለቱን ስሞች በቫር ደምፕ አወጣች። በምሳሌ ስም ብጽፈው ይህን ይመስላል፦

ስትሪንግ(20) "ሰላም ታደሰ"
ስትሪንግ(19) "ሰላም ታደሰ"

ቫር ደምፕ ዓይነቱንና ርዝመቱን አብሮ ይሰጣል፤ ፕሪንት አር አይሰጥም። ርዝመቱ የፊደል ቁጥር ሳይሆን የባይት ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ዕትም ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥር ወደ ባይት የሚለወጥበት ዘዴ) እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስድስት ፊደል 18፣ ተራ ክፍተት 1፣ በድምሩ 19። የማይሰበረው ክፍተት 2 ባይት ስለሆነ ሌላው 20 ይሆናል።

ልጅቷ ግን ቁጥሩን አላመነችውም። ክፍል ውስጥ ለአማርኛ ሁልጊዜ ኤምቢ ስትርሌን (mb_strlen) ተጠቀሙ ተብላ ተምራለች፤ ትክክለኛ ምክር ነው። በእሱ ስትለካው 7 እና 7 መጣ። «ጋሼ፣ እኩል ናቸው፤ ቫር ደምፕ አማርኛ አያውቅም» አለች። ኤምቢ ስትርሌን የሚቆጥረው ቁምፊ ነው፤ የማይሰበር ክፍተትም አንድ ቁምፊ ነው፤ ስለዚህ 7 ትክክል ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን የሚበጀው አማርኛ የማያውቀው መለኪያ ነበር። ቢን ቱ ሄክስ (bin2hex፣ እያንዳንዱን ባይት በሁለት የሄክስ ምልክት የሚጽፍ ፈንክሽን) አድርገን ባይቶቹን ስናይ የአማርኛ ፊደላቱ በሙሉ በኢ1 (E1) ይጀምራሉ፤ መሐል ላይ የማይሰበረው ክፍተት፣ ሲ2ኤ0 (C2A0)፣ ተቀምጧል። ተጠርጣሪው ተያዘ።

ከየት መጣ? በሞክሼው ያልተፈቱት ተማሪዎች ሁሉም ነባር ናቸው። ሬጅስትራሯ ስማቸውን የቀዳችው ከአሮጌው የመመዝገቢያ ገጽ ነበር፤ የዚያ ገጽ ሠሪ ስምና የአባት ስም በሠንጠረዡ ውስጥ ወደ ሁለት መስመር እንዳይሰበሩ በማይሰበር ክፍተት አያይዟቸው ኖሯል። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ያየችውን ነው የቀዳችው።

መፍትሔውና መፍትሔው ያመጣው ችግር

ክፍተት የሚቆርጠው ፈንክሽን ትሪም (trim) አይሠራም፤ ትሪም ዳርና ዳር እንጂ መሐል አይነካም፣ የማይሰበረውንም ክፍተት በልማዱ አያውቀውም። አንዳንዶቹ ስሞች ግን መጨረሻቸውም ላይ ይህ ክፍተት ስለነበረ ባልደረባዬ ሲ2 እና ኤ0ን ለትሪም እንደ ሁለተኛ መለኪያ ሰጠው። በሰፊው የሚዞር ዘዴ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም።

በአማርኛ ግን አደጋ ነው። ትሪም የሚሰጡትን የሚያየው በየባይቱ ነው፤ ሲ2 ያገኝበትም ይሁን ኤ0 ያገኝበት ይቆርጠዋል። «በ» በዩቲኤፍ-8 ኢ1 89 ኤ0 ነው። መጨረሻው ኤ0። ስለዚህ አበበ የሚለው ስም ወደ ትሪም በገባ ቁጥር አንድ ባይት እየተቆረጠበት፣ ከ9 ወደ 8 ወርዶ፣ መጨረሻው የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ሆኖ ይወጣል። በ«አ»፣ በ«ሠ» እና በ«ጠ» የሚያልቅም ቃል እንዲሁ። ሎጋችን ደግሞ ለእነዚህ ስሞች ባዶ መስመር ጻፈ፤ ጄሰን ኢንኮድ የተበላሸ ዩቲኤፍ-8 ሲሰጡት ፎልስ ይመልሳል፣ ፎልስ ሲታተም ባዶ ነው። ያን ጊዜ ግን ባዶ ቦታ ስናይ ምን ማለት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ቫር ደምፕ አድርገን «ቡል ፎልስ» የሚለውን አነበብን።

የጸናው መፍትሔ በፕሬግ ሪፕሌስ (preg_replace፣ ፈልጎ የሚተካ ፈንክሽን) ከዩ (u) ምልክት ጋር ማንኛውንም የዩኒኮድ ክፍተት ወደ ተራ ክፍተት መለወጥ፣ የተደጋገመውን ወደ አንድ ማውረድ፣ ከዚያ ተራውን ትሪም ማድረግ ነው። የዩ ምልክቱ ጽሑፉ በባይት ሳይሆን በቁምፊ እንዲታይ ያደርጋል። ይኸው ፈንክሽን ከሲኤስቪ ሲገባም፣ ከፎርሙ ሲመጣም ይጠራል። ፒኤችፒ 8.4 ላይ ያለ ሰው ለዳርና ለዳሩ ኤምቢ ትሪም አለለት፤ እኛ 7.4 ላይ ስለነበርን አልነበረንም።

ሁለተኛው ዙር

ሬጅስትራሯ ዝርዝሩን አጽድታ በድጋሚ ስትጭን የሁሉም ተማሪዎች መለያ ቁጥር ባዶ ሆነ። ከ60 ወደ 400 ደረስን ማለት ነው።

አሬዩን በቫር ደምፕ ስናየው «መለያ» የሚለው ቁልፍ አለ፤ ዋጋውም አለ። ኮዱ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም ይላል። ቫር ደምፕ የዋጋን ርዝመት እንጂ የቁልፍን ርዝመት አይናገርም። ቁልፎቹን በአሬይ ኪስ (array_keys) አውጥተን በተራቸው ቫር ደምፕ ስናደርጋቸው «መለያ» 12 ባይት ሆኖ ተገኘ፤ 9 መሆን ሲገባው። ኤክሴል ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 ብሎ ሲያስቀምጥ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባል ሦስት ባይት የማይታይ ምልክት ያስቀምጣል፤ እሱ ከመጀመሪያው ዓምድ ርዕስ ጋር ተጣብቆ ገብቷል። ፊተኛውን ዙር የጫነችው በሌላ ኮምፒውተር ስለነበረ አልታየም። ፋይሉ ሲከፈት ምልክቱ ካለ ሦስቱን ባይት መዝለል በቂ ሆነ።

ልጅቷ ከመጀመሪያው ዙር ተነሥታ አንድ ደንብ አውጥታ ነበር፦ ክፍተቶቹን ቀንሰህ የቀረው ርዝመት ለሦስት ካልተካፈለ እንግዳ ነገር ገብቷል። ጥሩ ደንብ ነው፤ 20ን ይይዛል፣ የተቆረጠውን 8ንም ይይዛል። 12ን ግን አይይዝም፤ ቦም እንደ ፊደላችን ሦስት ባይት ነው። ደንቧን አልጣለችም። ፊደሉን በጣት ቆጥሮ በሦስት ማባዛት የሚል ጨመረችበት።

በዚሁ ዙር ኤክስዲባግን (የፒኤችፒ ስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ) ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ጫንን። ቫር ደምፕን በቀለምና በሥርዓት ያሳያል፤ ወድጄዋለሁ። ግን በልማዱ ከአንድ አሬይ 128 አባላት ብቻ፣ ከአንድ ጽሑፍ 512 ባይት ብቻ፣ ወደ ውስጥም ሦስት ደረጃ ብቻ ያሳያል። ባልደረባዬ «ከ400 ተማሪ 128ቱ ብቻ ነው የተነበበው» ብሎ የፋይል ማንበቢያውን ሊያፈርሰው ሲል ደረስኩ። ከታች «ሌሎችም አሉ» የሚለውን መስመር አላየውም ነበር።

ሌላ ቦታ የሚሠራው

ከዚህ በኋላ ቢሯችን ውስጥ አንድ የደምፕ ፈንክሽን አለ። ዓይነቱን፣ የባይት ርዝመቱን፣ የቁምፊ ርዝመቱን፣ ይዘቱንና ባይቶቹን ጎን ለጎን ወደ ሎግ ይጽፋል፤ የአሬይ ቁልፎችንም እንደ ዋጋ ይቆጥራል። ወደ ገጹ አይጽፍም። ስልክ ቁጥርና ክፍያ የሚሉ ቁልፎች ካሉ ዋጋቸውን በኮከብ ይሸፍናል።

ቅርጽ የጠፋበትን ትልቅ አሬይ ለማየት ፕሪንት አር በፕሪ ታግ አሁንም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ለማወቅ ከእሱ የሚፈጥን የለም። «ሁለት ነገር አንድ ይመስላል፤ ኮዱ አይደለም ይላል» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ግን ያማረውን ትቼ ወደ አስቀያሚው እሄዳለሁ፦ ቫር ደምፕ፣ ያልተለሰለሰ ጄሰን፣ ቢን ቱ ሄክስ። ሞክሼ መጠርጠር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የሞክሼው ነገር አሁንም አልተዘጋም። «ሠላም» እና «ሰላም» ሁለቱም 9 ባይት ናቸው፤ ደምፕም ቢሆን እንደ ጥፋት አያሳያቸውም፤ ጥፋትም አይደሉም። ባልደረባዬ ሁሉም ወደ አንድ ይመለስ ይላል። ሬጅስትራሯ ደግሞ የሰው ስም በመታወቂያው እንደተጻፈ ይቀመጥ ባይ ናት፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ለጊዜው ንጽጽሩ በወጥ ፊደል ይሠራል፣ የሚታተመው ውጤት ግን ተማሪው በመታወቂያው ላይ ባለው ፊደል ይወጣል።